ውለታው የእኛ፣ ዕዳው የሷ

የአክስቴ ልጅ እዚህ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ነው የሚማረው። ፊልም ነፍሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ሻይ እየጠጣን አንድ የድሮ ፊልም በስልኩ ሊያሳየኝ ፈለገ። ዳይሬክተሩ ማነው ብዬ ጠየቅኩት። «ሮማን ፖላንስኪ» አለኝ። «ይቅርብኝ» አልኩት። ግራ ገባው። ታሪኩን ጨርሶ አያውቅም። አይፈረድበትም፤ ገና ሳይወለድ ያረጀ ጉዳይ ነው።

ነገርኩት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1977 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ላይ በፈጸመው ነገር ታሰረ። ስድስት ክስ ቀረበበት። ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተደራደረና አንዱን ብቻ አመነ፤ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ መፈጸሙን። ቅጣቱ ሊነገረው ሲል በ1978 አገር ጥሎ ፈረንሳይ ገባ።

ይህ የሱ ነው። እኔን የሚያበግነኝ የሌሎቹ ነው። በ2003 ኦስካር አሸነፈ። መጥቶ መውሰድ አይችልም፣ ይታሰራላ። አዳራሹ ውስጥ ግን ስንቱ ታዋቂ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። በ2009 ሌላ ሽልማት ሊቀበል ዙሪክ ሲገባ ስዊሶች ያዙት። ያኔ ከመቶ በላይ የፊልም ሰዎች ይፈታ ብለው ፈረሙ። የፈረንሳይ የባህል ሚኒስትር ሳይቀር ተቆጣ። ተዋናይቷ ሁፒ ጎልድበርግ ደግሞ በቴሌቪዥን ቀርባ፣ ያደረገው ነገር «የእውነት መድፈር» አይደለም የሚል ሐሳብ ተናገረች።

«ያቺ መነኩሲት ሆና የምትሠራው?» አለ የአክስቴ ልጅ። አዎ፣ ያቺው።

በ2010 ስዊሶቹ ለአሜሪካ አንሰጥም ብለው ለቀቁት።

ትንሽ ዝም አለና የጠበቅኩትን አመጣ። «ጥበቡን ከሰውየው ለይቶ ማየት አይቻልም?» ይቻላል። ፊልሙን አትይ አላልኩትም። እኔ አላይም ነው ያልኩት። ግን አንድ ነገር ልብ በል አልኩት። ጥበቡንና ሰውየውን መለየት ያቃታቸው እኮ የፈረሙት ናቸው! ፊልሙ ጥሩ ስለሆነ ሰውየው ይፈታ ነው ያሉት። አንድ የታክሲ ሹፌር ያንኑ አድርጎ ቢያዝ ማን ይፈርምለታል? «ግሩም መሪ ይዞ ነበር» የሚል ፊርማ ማን ያሰባስባል?

የፈረንሳዩ ተዋናይ የዤራር ዴፓርዲዩም ነገር ያው ነው። በ2023 መጨረሻ ብዙ ሴቶች ጥቃት አድርሶብናል ብለው ስሙን እያነሱ በሚናገሩበት ሰዓት ፕሬዚዳንት ማክሮን በቴሌቪዥን ወጥቶ ሰውየው ፈረንሳይን የሚያኮራ ነው አለ። ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪለው ድረስ ንፁህ ነው የሚለውንም አንስቷል። ይህ ልክ ነው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ኩራታችን ነው የሚለውን ማን ጠየቀው? ቀን ሳይቆጠር ደግሞ ከ50 በላይ የኪነ ጥበብ ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤ አወጡ። በ2025 የፓሪስ ፍርድ ቤት አንድ ፊልም ሲቀረጽ በሁለት ሴቶች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል ብሎ ጥፋተኛ አለው። 18 ወር፣ በገደብ። እሱ አላደረግኩም ብሎ ይግባኝ ጠይቋል። ፈራሚዎቹ ደብዳቤውን ሲጽፉ ስለ እነዚያ ሴቶች ምን ያህል ያውቁ ይሆን? እሱን ነው የሚያውቁት። አብረው በልተዋል፣ አብረው ሠርተዋል። ሥራም ሰጥቷቸዋል።

እኛም አገር ያለው ይኸው ነው። ማንም ደፍሮ «ወንጀል አይደለም» አይልም። የሚባለው «ስንቱን ያደረገልን ሰው!» ነው። እገሌ ዘፍኖ አልቅሰናል፣ እገሌ ተጫውቶ አስቆናል፣ እገሌ ሰርጋችንን አድምቋል። ውለታ አለብን። ጥሩ፣ ይኑርብን። ግን የእኛን ውለታ ለምን እሷ ትክፈል?

በእኛ አቆጣጠር በ2016 ክረምት በዚሁ በባሕር ዳር በአንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ላይ የተፈጸመው ግፍ አደባባይ ሲወጣ አገር ተነሳ። ሰውየው የተፈረደበት 25 ዓመት አነሰ ተባለ። እኔም ብያለሁ። ያን ሰሞን በየካፌው፣ በየባጃጁ ወሬው እሱ ብቻ ነበር። ያ ሰው ግን ማንም ነበር። ዘፈን የለው፣ ፊልም የለው። ቁጣችን እውነተኛ ነበር፤ ዝና ያለው ሰው ስም ሲነሳ ግን ያው ቁጣ «እስቲ ረጋ እንበል» ይሆናል። «ስሙን ሊያጠፉ ነው» ይከተላል። «እሷስ ቤቱ ምን ልትሠራ ሄደች?» መቼም አይቀርም።

አንዳንዴ ደግሞ ልጅቷ ራሷ ይቅር ትላለች። የፖላንስኪዋ ልጅ ካደገች በኋላ ይቅር ብያለሁ፣ ጉዳዩ ይዘጋልኝ እያለች ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳለች። ይህ መብቷ ነው። ጋዜጠኛው፣ ዳኛው፣ ወሬው ዕድሜ ልኳን ሲከተላት ኖሯል። ፈራሚዎቹ ግን ይቅርታዋን እንደ ደረሰኝ ነው የሚያሳዩት። እሷ ይቅር ስላለች እነሱ ትክክል ነበሩ ማለት ነው?

ይቅርታን በሽማግሌ ማስወጣት ደግሞ እኛ ጋ ሙያ ነው። ሕጋችን ራሱ ለዚህ በር ነበረው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የደፈረ ሰው የደፈራትን ካገባ፣ እሷም ፈቀደች ከተባለ፣ ክሱ ይቀርለት ነበር። «ፈቀደች» የተባለችው ልጅ በምን ሁኔታ ሆና እንደፈቀደች ጎጃም ያደገ ሰው ይገባዋል። የ1996ቱ ሕግ ይህን ሰረዘው። አሁን መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ ከሆነች እስከ 20። ሕጉ ተለወጠ። ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም ጋቢያቸውን ለብሰው ይሄዳሉ።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ፊልሙ ብቻ አይደለም። በከተማችን አንድ የተከበረ ሰው አለ። ሙያውን አልጽፍም፣ ሁሉም ያውቀዋልና። ከዓመታት በፊት ስሙ ከአንዲት ተማሪ ጋር ተነሳ። ቤተሰቧ ሊከስ ነው ተባለ። ሽማግሌ ተላከ፣ የልጅቱ አባት ጉልበት ላይ ተወደቀ። ነገሩ አለቀ። ቤተሰቡም ከተማውን ለቆ ሄደ። አድርጓል ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ማንም እንዳያውቅ ነው የተደረገው። ንፁህ ቢሆን እንኳ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ሽምግልናው ለሱም አልጠቀመውም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ መሰለኝ፣ በደንብ ጠቅሞታል።

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን የመዋጮ ዝርዝር መጣ። ለሰውየው የምስጋና ዝግጅት አለ፣ ካባ ይለብሳል። የሚሰበስበው ልጅ «ሁለት መቶ ብር ናት እኮ» አለኝ። ብሩ አይደለም አልኩት። ከስሜ ትይዩ ሰረዝ አደረገና አለፈ።

የተማሪዋን ታሪክ መጀመሪያ የነገረችኝ ባልደረባዬ ከፈለች። ምነው ስላት «ምን ላድርግ፣ አለቃችን ነው ዋናው አዘጋጅ» አለች። ልጆች አሏት፣ ደመወዟን ትፈልገዋለች። አልፈርድባትም ብዬ ነበር ወደ ቤት የገባሁት። ይህን ስጽፍ ግን ሳየው፣ ትንሽ እፈርድባታለሁ።