ለጋሼ ምን ይገዛል?

ፍራንክፈርት ከገባሁ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ጅማ አራት ጊዜ ተመልሻለሁ። አራቱንም ጊዜ ሻንጣ ሳዘጋጅ የሚቸግረኝ አንድ ሰው ነው። ጋሼ።

ጋሼ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ፤ ሰባ አምስትን አልፈው ዛሬም ጓሮ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዋንዛ ይጠርባሉ። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፣ ባለ ሦስት እግሩን። ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። እግሩ ሦስት ስለሆነ ወለሉ ቢጎረብጥም አይወዛወዝም። ይህን ሲሠራ የኖረ ሰው ዕቃ ሲያይ እንዴት እንደሚያይ እንግዲህ ገምቱ። አንዴ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስንጎበኝ እኛ ፎቶ እንነሳለን፣ እሳቸው የበረንዳውን እንጨት መጋጠሚያ በጣታቸው ይዳብሳሉ። ጥበቃው ሊቆጣቸው መጥቶ እሱም አብሮ መዳበስ ጀመረ።

መጀመሪያ የወሰድኩላቸው ጫማ ነበር። ውድ ነው። መረቁኝና ወዲያው ገልብጠው ሶሉን አዩት። "ይሄ እኮ በማስቲሽ የተለጠፈ ነው። አልተሰፋም" አሉ። ጫማው እስካሁን ቁምሳጥን ውስጥ ከነካርቶኑ አለ። ለሰርግ ነው ይላሉ። የማን ሰርግ እንደሆነ አይናገሩም፤ እኔን እኔን ያያሉ እንጂ።

ሁለተኛው ጃኬት ነበር። "ጋቢዬ ምን ሆነ?" አሉ። ጃኬቱን ለጎረቤት ልጅ ሰጡት።

በሦስተኛው በሙያቸው መጣሁባቸው። የጃፓን መጋዝ ገዛሁ። የእኛ መጋዝ ሲገፉት ነው የሚቆርጠው፣ የጃፓኑ ሲስቡት ነው። ስለሚሳብ አይጎብጥም፤ ለዚህም ነው ምላጩን በጣም ስስ አድርገው የሚሠሩት። ጋሼ ሞከሩት። እንጨቱ ላይ የተወውን ቀጭን መስመር አይተው ሳቁ። እኔም በቃ አገኘሁት ብዬ ተመለስኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተደወለ።

"አንቺ፣ መጋዝሽ ደነዘ።"

"ይሳሉት እንጂ ጋሼ።"

"ልሳለው ብዬ ሞረዴን ጨረሰው!"

ለካ የዚህ ዓይነቱ መጋዝ ጥርስ በሙቀት የጠነከረ ነው። ሞረድ ሲያስጠጉት ይንሸራተታል። ሲደንዝ ምላጩ ተጥሎ በሌላ ይተካል። ምላጩ ደግሞ ያለው እኔ ጋ፣ ፍራንክፈርት። "የማይሳል መጋዝ ምኑ መጋዝ ነው?" ብለው ስልኩን ለእትዬ ሰጡ።

ያን ቀን ተናደድኩ። አስቸጋሪ ሽማግሌ ናቸው አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለጓደኛዬ። ማታ ላይ ግን ነገሩ ከነከነኝ። አርባ ዓመት የራሳቸውን መጋዝ ራሳቸው ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ምላጭ ጠባቂ ላደርጋቸው ነበር። ጫማውም ጃኬቱም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከውጭ የመጣ መሆኑ እንዲታይልኝ ነው የገዛሁት።

አራተኛው እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ ነው። በቪዲዮ እያወራን መሮ ይስላሉ። የሚስሉባት ድንጋይ ዱሮ ከአዌቱ ወንዝ ዳር ያነሷት ናት፤ መሐሏ ተበልቶ እንደ ወጭት ጎድጉዳለች። በነጋታው ሥራ ስወጣ የመሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ሁለት ፊት ያለው መሳያ አሳየኝ፣ አንዱ ፊት 1000 ሌላው 6000። ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ ይልማል። በ1000ው ስለቱን ታወጪያለሽ፣ በ6000ው ታጠሪዋለሽ አለኝ። ከኪሎ በላይ ይመዝናል። ሻንጣዬ ደግሞ 23 ኪሎ ሞልቶ ነበር። የራሴን ሁለት ጫማ አወጣሁ።

ጅማ ስደርስ ቶሎ አልሰጠኋቸውም። ፈርቼ ነው። ቡና ተፈልቶ በረካው ሲቀዳ ከቦርሳዬ አወጣሁት። በአውራ ጣታቸው አንዱን ፊት ዳሰሱ። ገልብጠው ሌላውን ዳሰሱ። ሁሌም "ስንት ገዛሽው?" ብለው ይቆጡኝ ነበር፤ አልጠየቁም። "ውሃ አምጪ" ብቻ አሉ።

ቡናቸው ቀዘቀዘ። አንድ መሮ ይዘው ጓሮ ገቡና መሸ። እራት ሲጠሩ ክንዳቸውን ዘርግተው መጡ። የክንዳቸው ፀጉር በአንድ በኩል ተላጭቷል። ስለቱን የሞከሩት በዚያ ነው። በማግስቱ የቤቱ መሮና መላጊያ ሁሉ ተሰለፈ። እትዬ የሽንኩርት ቢላዋ ይዘው ብቅ ቢሉ "ይሄ ለቢላ አይደለም!" ብለው መለሷቸው። እትዬ እስካሁን ተቀይመዋል።

እንከን ግን አልጠፋም። ድንጋዩ የመጣበት የፕላስቲክ ማስቀመጫ ሲስሉበት ይንሸራተታል። "ድንጋዩ ደህና ነው። ይቺን የሠራ ሰው ግን ሥራ አያውቅም" አሉ። ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ጓሮ ስገባ ድንጋዩ ልክ በልኩ በተፈለፈለ ዋንዛ ላይ ተቀምጧል። ዋንዛው ሦስት እግር አለው።

በፕላስቲኩ ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል።