የጃማ ጎማ በሐረጎ ቁልቁለት

ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሞተር ሳይክሎች ጥገና ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል የመስክ ሠራተኞቻችን ስለ ጃማ ወረዳ ጭቃ አቤቱታ አቀረቡ። የጃማ መረሬ አፈር ዝናብ ሲነካው የጎማውን ጥርስ ይሞላል፤ ከፓራፋንጎው ሥር ተጠቅጥቆም ጎማውን አላዞር ይላል። አቤቱታቸው እውነት ስለነበር ለሁሉም ሞተሮች ጥርሳቸው ትልልቅና የተራራቀ የጭቃ ጎማዎች እንዲገዙ ጠየቅሁ፤ ተገዙም። ልኩን በጥንቃቄ አረጋግጫለሁ፦ የፊቱ 80/90-21 ነው፤ ማለትም ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 90 በመቶ፣ ቸርኬው ደግሞ 21 ኢንች። እያንዳንዱ ሞተር በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚውል ግን አልጠየቅሁም።

ከሞተሮቹ አንዱ የጃማን መሬት ረግጦ አያውቅም። የሚነዳው ባልደረባችን በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ ይመላለሳል፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ሲሆን በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ወደ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። በነሐሴ አንድ ማለዳ፣ ጉም መንገዱን ሸፍኖ ካፊያው ሳያባራ፣ ኩርባ ላይ የፊት ፍሬን ሲይዝ ጎማው ከሥሩ ሸሸበትና ወደቀ። ሆስፒታል ስደርስ ክንዱ ታስሮ አገኘሁት። «አብሽር፣ አጥንት ነው፤ ይጠገናል» አለኝ። እሱ ታሞ እኔን ማጽናናቱ ይበልጥ ከበደኝ።

ሞተሩን በሥራው ላይ ብዙ ዘመን ወደቆዩ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ወሰድኩት። የፊት ጎማውን ከፍ አድርገው በዝግታ ካዞሩት በኋላ «ልጄ፣ እጅህን አምጣ» ብለው መዳፌን በጥርሶቹ ላይ አሳለፉት። በአንዱ አቅጣጫ ሲዳስሱት ይለሰልሳል፤ ሲመለሱበት ግን እንደ መጋዝ ይይዛል። ገና ሁለት ወር ሳይሞላው እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ ወገን ተልጎ፣ በሌላው ወገን ስለት አውጥቶ ነበር።

ምክንያቱን ከእሳቸው ጋር ሆኜ ጎማውን እያየሁ ተረዳሁ። ጭቃ ውስጥ ትልቁ ጥርስ ሰምጦ ይቆነጥጣል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተትም ጎማው ሲዞር ጭቃውን ይተፋል። አስፋልት ግን ስለማይሰመጥበት መንገዱን የሚነካው የጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ኩርባ ላይ ሲያጋድል ክብደቱን የሚሸከሙት ጥቂት የዳር ጥርሶች ይሆናሉ፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚዞር፣ በቁልቁለትም ላይ ይህ ስለሚብስ፣ እነዚያው ጥቂት ጥርሶች ይታጠፋሉ። የአስፋልት ጎማ ቦዮች መንገዱን የሚቧጥጡ ይመስለኝ ነበር። ሥራቸው ግን ውሃውን ከመሀል ወደ ዳር አፍስሶ ላስቲኩን ከአስፋልቱ ጋር ማገናኘት ነው፤ በደረቅ መንገድ የሚይዘው ላስቲኩ ራሱ ነው።

በዚያው ቀን ለሐረጎው ሞተር የአስፋልት ጎማ አመጣሁ። የኋላውን ገጥመን ወደ ፊተኛው ስንመጣ፣ የቦዮቹ አቀማመጥ ከኋላው በተቃራኒ ሆኖ ስለታየኝ እንዲመሳሰሉ ብዬ ገለበጥኩት። አዛውንቱ እጄን ይዘው ጎማው ጎን ላይ የተቀረጸውን፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ቀስት አሳዩኝ። የኋላ ጎማ ሞተሩን ይገፋል፤ የፊተኛው ከባዱ ሥራ ማቆም ነው። የሚያርፍባቸው ኃይል ተቃራኒ ስለሆነ በብዙ ጎማዎች ላይ የቦዮቹ አቅጣጫም ይለያያል፤ የሚታመነው ዓይን ሳይሆን ቀስቱ ነው።

የጭቃውን ጎማ ለጃማ ሞተሮች እንዳለ ተውኩት፤ እዚያ ቦታው ነው። የዕቃ መጠየቂያ ቅጹ ላይ ግን ከጎማው ልክ ቀጥሎ «የሚሄድበት መንገድ» የሚል መስመር አስጨመርኩ። ባልደረባችን ድኖ ሥራ ሲጀምር፣ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት አብረን ቁጢጥ ብለን የፊቱን ቀስት አሳየሁት። እሱም ጣቱን በቦዩ ውስጥ እስከ ጎማው ዳር አስኬደው።