ቀዩ ተክሌ አረንጓዴ ሆኖብኝ ቁጭ አለ

አምና ሰኔ ላይ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ልጆች አንድ ኮሊየስ ገዛሁ፣ ቅጠሉ ድብን ያለ ቀይ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ክር የምታክል አረንጓዴ ያለችው፣ ስትነኩት ከፋይ ጨርቅ በሉት። ልጁ «እህቴ ፀሐይ እንዳትነፍጊው» ብሎኝ ነበር፣ እኔ ግን ሳሎን ቲቪው አጠገብ ጥግ ላይ አስቀምጬ ዩሪያ በውሃ እየበጠበጥኩ አጠጣው ጀመር። ክረምቱ ሳይወጣ አረንጓዴ ሆነ። ታመመ እንዳልል ረዝሟል፣ ቅጠሉም ሰፍቷል፣ ቀዩ ብቻ የለም።

ተናድጄ ማንበብ ጀመርኩ። ቀይ የቀሩትን ሁለት ቅጠሎች ቆርጬ ድስት ውስጥ ቀቀልኳቸው (እናቴ ጎመን መስሏት ክዳኑን ከፍታ አይታኛለች)። ውሃው ሐምራዊ ሆነ፣ ቅጠሉ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ! ለካ አረንጓዴው መቼም ጠፍቶ አያውቅም፣ ቀዩ ነው ላዩ ላይ የሸፈነው። ውሃው ላይ ሎሚ ስጨምቅበት ፏ ብሎ ቀላ።

ይሄ ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል፣ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ነው እንዲህ የለቀቀው። በቅጠሉ ሴሎች ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት አለ፣ እዚያ ነው የሚጠራቀመው፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ስለሆነ ቀላ ብሎ ይታያል፣ ሎሚውም የሠራው ያንኑ ነው። ችግሩ ቀለሙ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፣ እየፈረሰ ይሄዳል፣ አዲስ የሚወጣው ቅጠልም ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ብርሃን ሲያገኝ ቀለም የሚሠሩት ጂኖች ይነሳሉ፣ ጨለማ ውስጥ ይተኛሉ። አንዱ ሥራውም ክሎሮፊሉን (አረንጓዴውን ቀለም) ከኃይለኛ ፀሐይ መከላከል ነው፣ ሰንስክሪን በሉት፣ እና ቲቪ አጠገብ የተቀመጠ ተክል ሰንስክሪን ምን ያደርግለታል? ቀለሙ የሚሠራው ከስኳር ነው፣ ስኳር ደግሞ ያለ ፀሐይ የለም። ዩሪያውም አባሰው፣ ናይትሮጅን የሞላበት ማዳበሪያ ነው፣ ተክሉ ናይትሮጅን ሲበዛለት ክሎሮፊል መሥራትና ማደግ ላይ ነው የሚያተኩረው። በእንክብካቤ ነው ያበላሸሁት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ቀይ ቅጠል ብቻ ማየት ጀመረ። የማንጎና የዶቅማ ለጋ ቅጠል ቀይ ሆኖ ይወጣና ሲጠነክር አረንጓዴ ይሆናል፣ የቡና ችግኝም ጫፉ ነሐስ የሚመስል አለ፣ አረንጓዴ የሆነም አለ። እነሱ ልጅነታቸውን ብቻ ነው የሚሸፍኑበት፣ ኮሊየስ ግን ሲያድግም መሥራቱን አያቆምም፣ ብርሃን እስካገኘ ድረስ።

ቀይ ሥር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ግንዱንና የቅጠሉን ጅማት ያቀላው አንቶሲያኒን ሳይሆን ቤታሌይን የሚባል ቀለም ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሠራ ተክል በተፈጥሮ እስካሁን አልተገኘም። ያ ሰላጣ ስንሠራ እጃችንን የሚያቀላን እሱ ነው።

ለገና በየግቢው የሚቀላው ፖይንሴቲያም ቀዩ አበባው አይደለም፣ ቅጠል ነው፣ አበባው መሀሉ ላይ ያለችው ቢጫ ነገር ናት። እሱ ለመቅላት የሚፈልገው ረጅምና ያልተቋረጠ ሌሊት ነው። ጎረቤታችን ግቢ ያለው ዛፍ በሩ ላይ ካለው መብራት ወገን አረንጓዴ፣ በወዲያኛው ወገን ቀይ ሆኖ ሳየው ድሮ ግማሹ የታመመ ይመስለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ግን ለዚህ ነገር ጥሩ አገር ናት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል ማታ ይበርዳል፣ ሙቀት ሲበዛ ደግሞ አንቶሲያኒን ይቀንሳል። እና መስከረም ላይ ወደ በረንዳ አወጣሁት፣ በአንዴ ሳይሆን መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ እያሳየሁት፣ ምክንያቱም ጥላ የለመደ ቅጠል ድንገት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይቃጠላል። ዩሪያውን ተውኩ። ጨርሰው አረንጓዴ የሆኑትን ቅርንጫፎች ቆረጥኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት ጫፉ ላይ ጥፍር የምታክል ቅጠል ወጣች፣ ቀይ!

የቆረጥኳቸውን ውሃ ውስጥ ነክሬያቸው ሥር አወጡ፣ እናቴ ወስዳ ሳሎን ቲቪው አጠገብ ተከለቻቸው፣ እሷን እንደሆነ አረንጓዴው ነው ደስ የሚላት።