ለአራሚ ከመስጠታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ የልብ ወለድ መጽሐፋቸውን ጨርሰው ለአራሚ ሊያስረክቡ ለተዘጋጁ ሰዎች ነው። ስለ ሴራ፣ ስለ መቼት፣ ስለ ግጭትና ጡዘት የሚያስተምር ሞልቷል። የገጸ ባሕርይ አንደበት እንዴት እንደሚሠራ፣ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ከማን እጅ መጠበቅ እንዳለበት የነገረኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

መንገዱን ባጭሩ ልናገር። ያደግሁት ደሴ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ መጣሁ፤ ማታ ማታ አጫጭር ልብ ወለዶች ጻፍኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ የአጻጻፍ ሥልጠና ወሰድኩ፤ ታሪኮቹ መጽሐፍ ሲወጣቸው አሳታሚ ፈልጌ አገኘሁ። የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (ISBN) ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ማውጣት፣ ሽፋን ማሠራት፣ በወረቀት ዋጋ መከራከር፣ ይህ ሁሉ ትዕግሥት ላለው ሰው የሚያልፍ ነው።

ሥልጠናው መዋቅር አስተምሮኛል፤ ለዚያ አመሰግናለሁ። ሰው ማናገር የተማርኩት ግን ልደታ ፍርድ ቤት ነው። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። ሥራ በማልገባባቸው ቀናት የፍትሐ ብሔር ችሎት እገባና ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማ ነበር። እዚያው ማስታወሻ አልይዝም፤ ስወጣ ነው የምጽፈው። አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ሲካሰሱ ሰማሁ። ታናሹ ስለ ታላቁ ሲናገር «እሳቸው ቁልፉን ይዘውታል፤ እሳቸው ኪራዩን ይበላሉ» ይላል። ድምፁ ውስጥ አክብሮት የሚባል ነገር የለም። አብሮት በአንድ ትሪ የበላውን ወንድሙን በአንቱታ ከቤተሰብ አስወጥቶታል። አንቱታ እንደሚያከብር ሁሉ እንደሚያርቅም ሁላችንም እናውቃለን፤ ለመጻፍ ስንቀመጥ ግን ይጠፋብናል።

ከዚያ በኋላ አጻጻፌ ተለወጠ። አማርኛ ለምልልስ ጸሐፊ የሰጠውን ሀብት ማየት ጀመርኩ። «መጣሽ?» የሚል ሰው ከሴት ጋር እንደሚነጋገር፣ እንደሚቀርባት ወይም እንደሚበልጣት በዚያች ባንዲት ቃል ተናግሮ ጨርሷል። ስለዚህ በየመስመሩ «አለ ባልየው»፣ «አለች ሚስትየዋ» እያልኩ የምለጥፈውን ቆረጥኩት። ወንድና ሴት ሲነጋገሩ ማን እንደተናገረ ግሡ ራሱ ያሳያል። ስም ለመጥራት የምገደደው ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ብቻ ሆነ።

ከታሪኮቼ አንዱ ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በወሎ ደጋ የምትኖር አንዲት ሴት ባሏን ከተሞሸረች ጀምሮ አንቱ ትለዋለች። «ደህና ዋሉ?»፣ «ውኃ ላምጣልዎ?»፣ «እራት ይቅረብ?» ገጽ በገጽ እንዲህ ነው የምትናገረው። አንድ ቀን ባልየው ከጥማዱ አንዱን በሬ ወደ ገበያ ይነዳና ማታ ባዶ እጁን ይመለሳል። እግሩን ታጥበዋለች፤ እራት ታቀርብለታለች፤ ቡና ታፈላለች። ከዚያ ቀና ሳትል ትጠይቀዋለች፦

«በሬውን ሸጥኸው?»

ስለ ቁጣዋ አንድ ቃል አልጻፍኩም። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም፤ ሲኒ አልሰበረችም። የዕድሜ ልክ አንቱታ በዚያች ግሥ መጨረሻ ላይ ተነሥቷል፤ አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ይደነግጣል ብዬ አመንኩ። እዚህ ለመድረስ ታሪኩን ብዙ ጊዜ አፍርሼ ሠርቻለሁ። በሌሎቹ ገጾች አንቱታውን ሳላጓድል የጠበቅሁት ለዚህች አንዲት ጥያቄ ነው።

አሳታሚው የመደበልኝ አራሚ በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ መጻሕፍት ያለፉባቸው ሰው ነበሩ። የመጀመሪያውን እርማት ሲመልሱልኝ ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ፣ ጸ እና ፀ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ተለይተዋል። በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም፤ እኔ የማልችለውን ሠርተውልኛል። ነገር ግን የሴትዮዋ «ተዚህ» ሁሉ «ከዚህ» ሆኗል። ለጎረቤቷ ልጅ «አብሽሪ» ያለችው «አይዞሽ» ተብሏል። ቢሯቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሴት እኮ የወሎ ሴት ናት። ‹ተዚህ› ነው የምትለው።»

«ልጄ፣ መጽሐፍ የሚጻፈው በመደበኛ አማርኛ ነው። ነገ ተማሪ ያነበዋል።»

«ተራኪው በመደበኛው ይተርክ፤ እስማማለሁ። እሷ ስትናገር ግን ይለያል።»

«እሷ የምትናገረውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ የተማርሽ ነሽ።»

ይህች የመጨረሻዋ አባባል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። የእኔ መማር የገጸ ባሕርይዬን አንደበት የሚነጥቃት ከሆነ ምን ይጠቅመኛል? በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ውስጥ የባላገሩ አነጋገርና የተማረው ልጅ አነጋገር ተለያይተው ይሰማሉ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም ስለ «ተዚህ» መለመን ነበረብኝ። ለመንኩ። «እሺ፣ እመልስልሻለሁ» አሉኝ። አመንኳቸው።

የመጨረሻውን ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት ለማረጋገጫ የሚወጣውን ቅጂ፣ ለማየት ስጠይቅ አሳታሚው ጊዜ የለም አለኝ፤ መጽሐፉ ለእንቁጣጣሽ ገበያ መድረስ አለበት። «ታርሞ ያለቀ ነው፤ ምን ልትጨምሪበት ነው?» አለ። ማተሚያ ቤት ገባ።

መጽሐፉ ሲወጣ መጀመሪያ የገለጥኩት ያንን ታሪክ ነው። «ተዚህ» ግማሹ ተመልሷል፤ ግማሹ አልተመለሰም፤ ስለዚህ ሴትዮዋ አንዴ የወሎ፣ አንዴ የአዲስ አበባ ሰው ሆናለች። ያንን ልታገሠው እችል ነበር። ወደ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ። እንዲህ ይላል፦

«በሬውን ሸጡት?»

ቆሜ ነበር የማነበው፤ ተቀመጥኩ። ታሪኩ የለም። አንዲት ሚስት ባሏን በትሕትና ስለ በሬ ጠየቀች፤ አለቀ። ይባስ ብሎ «ሸጡት» ሌላም ንባብ አለው። የሥራ ባልደረባዬ አንብባ ስትጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እነማን ናቸው በሬውን የሸጡት? ሌቦቹ?» ብላ ነው። በታሪኩ ውስጥ ሌባ የለም።

አራሚውን ደወልኩላቸው። እንዲህ አሉኝ፦ «ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ባሏን አንቱ ስትል ነው የመጣችው። እዚህ ጋ አንተ አለች። የወጥነት ስህተት ነበር፤ አስተካከልኩልሽ።» ክፋት የለባቸውም፤ በቅንነት ነው የሠሩት። ለእኔ የከፋው እሱ ነው። ከሰላሳ ገጽ በላይ ያልተዛነፈ አንቱታ በአንድ ቦታ ብቻ ሲለወጥ «ለምን ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የአንባቢ ሥራ ነው። እሳቸው አላነበቡም፤ አረሙ። አሳታሚው ዘንድ ስሄድ ደግሞ «አንድ ቃል ናት እኮ። ማን ልብ ይላታል?» የሚል መልስ አገኘሁ። ልብ የሚላት እንዲኖር ነበር የጻፍኳት።

በፍርድ ቤቱ በር አካባቢ የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች አስታወስኩ። ባለጉዳዩ በራሱ አንደበት ያወራቸዋል፤ እነሱ ወደ «አመልካች ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ይለውጡታል። ለዳኛ ያ ተገቢ ነው። በልብ ወለድ ላይ ሲፈጸም ግን ባለጉዳዩ ራሱ ይጠፋል።

አሁን ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። በየሥልጠናው የምትሰሙት ምክር «ጽሑፋችሁን ለባለሙያ አርታኢ ስጡ» ነው። አልቃወመውም፤ ግን ቅደም ተከተሉ የተሳሳተ ነው። መጀመሪያ ለጆሮ ስጡት። ታሪኩ የወሎ ከሆነ ለወሎ ሰው፣ የመርካቶ ከሆነ መርካቶ ላደገ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። እኔ የማነበው ለአክስቴ ነው። ስለ ሥነ ጽሑፍ አንድም ነገር አታውቅም፤ ግን «ባሏን በስሙ ትጠራዋለች እንዴ? የልጄ አባት ነው የምትለው» ብላ አንድ ሙሉ ገጽ አስተካክላልኛለች። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ሁሉ ገጸ ባሕርያቱን በድምፃቸው ለየ። ሲነበብ ድምፅ የማይወጣው ምልልስ ወረቀት ላይም የለውም።

ሁለተኛ፣ «አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ» የሚለውን ምክር እንዳለ አትቀበሉት። ይህ ምክር የመጣው ከሌላ ቋንቋ ነው። አማርኛ በቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን በማይዘጋ ግሥ፣ ድርጊትን ከድርጊት እየቀጠለ አንዱን ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ግሥ ይወስዳል፦ ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ እሳቱን አንድዳ፣ ጀበናዋን ጥዳ ተቀመጠች። ይህ የዘወትር ኑሮ ነው፤ ሳታስበው እጇ ይሠራል። በሬው በተሸጠ ማታ ግን ቆራረጥኩት። ተነሣች። እሳቱን አነደደች። ጀበናዋን ጣደች። እያንዳንዱን ነገር የምትሠራው እያሰበች ስለሆነ ነው። የዓረፍተ ነገር ርዝመት የሚለካው በሰውዬው ልብ ሁኔታ እንጂ በሥልጠና ደንብ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌ ሁሉ በተረትና ምሳሌ አይናገርም። ችሎት ውስጥ ብዙ አረጋውያንን ሰምቻለሁ፤ አብዛኞቹ ስለ ወሰን፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቀን ነው የሚናገሩት። ተረት የሚመጣው ተናጋሪው ሌላ መከራከሪያ ሲያጣ ነው። እኔ ከረቂቄ ሁሉንም አወጣሁና አንዱን ብቻ መለስኩ፤ እሱንም በውሸታሙ ሰውዬ አፍ ላይ።

አራሚውን በተመለከተ፦ ከረቂቁ ጋር ስለ ገጸ ባሕርያቱ አነጋገር ወረቀት አዘጋጅታችሁ ስጡ። እያንዳንዱ ሰው የየት አገር ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ማንን አንተ ማንን አንቱ ይላል፣ በየትኛው ገጽ ላይ ይለውጣል፣ ለምን። ለውጡ ያለበት ቦታ ላይ በኅዳጉ «ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ አይነካ» ብላችሁ ጻፉ። የቃል ስምምነት ላይ አትተማመኑ። እርማቱ በፋይል ከሆነ የተለወጠው ሁሉ በቀለም እንዲታይ ጠይቁ፤ ፈልጎ በመተካት የሚሠራ አራሚ ካላችሁ «ተዚህ»ን በአንድ ቁልፍ ከመጽሐፉ ሊጠርገው ይችላል።

ውሉን ደግሞ ሳታነቡ አትፈርሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መልኩ ሥራው ሲለወጥ ወይም ሲዛባ መቃወም ይችላል። ይህን ያወቅሁት መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ነው፤ አሳታሚው ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ገበያ ከዋለ በኋላ ክስ ከመመሥረት ይልቅ አስቀድሞ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይቀላል። የሁለተኛው መጽሐፌ ውል ላይ ያስገባሁት እንዲህ ይላል፦ «ደራሲዋ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያልፈረመችበት ፕሩፍ ወደ ማተሚያ ቤት አይገባም፤ በገጸ ባሕርያት ንግግር ላይ የሚደረግ ማናቸውም እርማት ያለ ደራሲዋ የጽሑፍ ፈቃድ አይጸናም።» አዲሱ አሳታሚ «እንዲህ ያለ ነገር ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለ። አልፈርምም አልኩ። በሳምንቱ ጠርቶ ፈረመ፤ መጽሐፉ የገና ገበያ አመለጠው፤ ለፋሲካ ወጣ፤ ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ ግን እኔ እንደጻፍኩት ይናገራል።