ጫማ ሰፊው ለምን ሻጭ ሆነ?

አጎቴ መርካቶ ሸራ ተራ ጫማ እየሰፋ ነው ያሳደገን። ዛሬ እዚያው አካባቢ ከውጭ የመጣ ስኒከር ይሸጣል። ገቢው ብዙም አልወረደም። «ታዲያ ምን ጎደለበት?» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን የጎደለው በደንብ ይታየኛል።

ሰፊ እያለ ከሥሩ ልጆች ነበሩ። አንዱ ቆዳ ይቆርጣል፣ አንዱ ገበር ይሰፋል፣ አንዱ የእግር ቅርጽ ባለው ፎርማ ላይ ወጥሮ ሶሉን በማስቲሽ ይለጥፋል። ከገጠር ባዶ እጁን የመጣ ልጅ ሙያውን ይዞ፣ ውሎ አድሮ የራሱን ማሽን ይገዛ ነበር። አሁን አጎቴ ጋ ያለው ሱቅ የሚጠብቅ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ጎበዝ ነው። ግን ዋጋ ከመናገር በቀር እዚያ ምን ይማራል?

«ከቻይና ጫማ ጋር መወዳደር ስላቃታቸው ነው» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቀው ብዙ ሰፊዎች ከገበያ ወጥተዋል። የቀሩት ግን ዲዛይን ቀየሩ፣ የተሻለ ሶል ተጠቀሙ፣ ደንበኛቸውን መለሱ። ያኔ መፍትሔው በእጃቸው ነበር።

የአሁኑ እንደዚያ አይደለም። ቆዳው የአገር ቤት ቢሆንም ሶሉና ማስቲሹ በአብዛኛው በዶላር ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እርግጥ ከውጭ የሚገባው ጫማም ተወድዷል። ነጋዴው ግን ያመጣውን ቶሎ ሸጦ ብሩን ይሰበስባል። ሰፊው ዕቃ ገዝቶ፣ ሰፍቶ፣ ለባለሱቅ በዱቤ አስረክቦ ብሩ እስኪገባለት ድረስ የሶል ዋጋ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ዳኒ ሮድሪክ የተባለው ኢኮኖሚስት የዛሬ ድሃ አገሮች በኢንዱስትሪ ሳይበለጽጉ ኢንዱስትሪን እየተዉ ነው ይላል። አውሮፓ ከፋብሪካ ወደ አገልግሎት የዞረችው ከከበረች በኋላ ነው። እኛ ጋ ግን ማኑፋክቸሪንግ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 10 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ነው ሰው ከመሥራት ወደ መሸጥ የሚሸሸው።

በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ የገባ ላኪ ጥሬ ዕቃውን ያለ ቀረጥ ያስገባል። አጎቴን የመሰለ ሰፊ ግን ሶሉን የሚገዛው ቀረጥ ተከፍሎበት፣ አስመጪውም አከፋፋዩም ካተረፉበት በኋላ ነው። ብድር ልጠይቅ ብሎ ባንክ ሄዶ ነበር። «የቤት ካርታ አስይዝ» አሉት። የሚኖረው በኪራይ ነው፤ ካርታ ከየት ያመጣል? ማሽኑን የሸጠው ከዚያ በኋላ ነው።