ከደብረ ብርሃን ወደ ከዚራ፤ አራት ቀን ከዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ጋር

በግንቦት መጨረሻ ድሬዳዋ የሄድኩት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስለ አንድ የማኅበረሰብ ሚዲያ ማዕከል ስለነገረችኝ ነው። ማዕከሉ የሚገኘው ከዚራ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ሲሆን፣ የከተማዋ ወጣቶች ከማንም ድጋፍ ሳያገኙ የሠሯቸውን አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ካሳየ በኋላ ለሦስት ቀን የድምፅ ቀረጻ ሥልጠና ይሰጣል። ደብረ ብርሃን በማስተምርበት ትምህርት ቤት የፊልም ክበብ አለን፤ ልጆቹ በስልካቸው የሚቀርጹት ምስል ያማረ ቢሆንም ድምፁ ዘወትር በነፋስ ተበልቶ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት የተነሣው አውቶቡስ አዋሽን፣ አሰበ ተፈሪንና ቁልቢን አልፎ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ ጃኬቴን አወለቅኩ፤ እስክመለስም አልለበስኩትም።

ከመናኸሪያው ከዚራ ያደረሰኝ ባጃጅ 200 ብር አስከፈለኝ። ከማዕከሉ በር አጠገብ ቡና የምታፈላ ሴት መንገዱ ከ50 ብር እንደማያልፍ ስትነግረኝ በጣም ተናደድኩ፤ ንዴቴን አይታ ይሆናል፣ የመጀመሪያውን ስኒ ሒሳብ አልቀበልም አለች። ያደርኩበት ክፍል ቬንቲሌተሩ ሲዞር እንቅልፍ የማያስወስድ፣ መብራት ጠፍቶ ሲቆም ደግሞ ጨርሶ የማያስቀምጥ ነበር። እኛ ዘንድ ሌሊት ማለት ጋቢና ዝምታ ነው። ድሬዳዋ ግን ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እስከ እኩለ ሌሊት ያወጋል፤ እኔም በመጨረሻ ፍራሼን ትቼ በረንዳ ላይ አደርኩ።

የፊልሙ ዝግጅት የተያዘው ለማግስቱ ምሽት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ነበር። በማዕከሉ ግቢ ውስጥ ከሁለት የኒም ዛፎች መካከል ሰፊ አቡጀዲ ተወጥሯል፤ ወንበሩ ስላልበቃ ሰዎች ምንጣፍ ከየቤታቸው ይዘው መጡ። ከፊልሞቹ ገሚሱ በሶማሊኛና በኦሮምኛ ስለነበር የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ቢኖራቸውም፣ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ራስ ጽሑፉን ጋርዶብኝ ነበር። ይህን ያስተዋለች አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ ማንም ሳያዝዛት የሶማሊኛውን ንግግር ሁሉ እየተከታተለች በጆሮዬ ታስረዳኝ ጀመር። አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጣ፣ «ይኼኛውን አልተረጉመውም፣ ያሳዝናል» አለችኝ።

ያ ፊልም ስለ ደቻቱ ነበር። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በሐምሌ 1998 ማለቂያ ግን ሌሊት በድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፣ ብዙ ቤትም ጠርጓል። የፊልሙ አዘጋጅ የጎርፉን ምስል ከየትም አልለመነም። ያሳየን በደረቁ አሸዋ ላይ የሚሄዱ ሰዎችን፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችንና ወንዙን ለመሻገር ዛሬም ወደ ተራራው አንጋጥጣ ደመና የምታይ አንዲት እናትን ነው። በ14 ደቂቃ ውስጥ አንድም ጊዜ ውኃ አላየንም፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች ግን ያለቅሱ ነበር።

ሁለተኛው ፊልም ስለ አሮጌው የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ሲሆን፣ ሥራው ተጠናቆ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሌላ አሥራ አራት ዓመት ወስዷል። አዘጋጇ ወጣት የብረት መቅረጫውን ቶርኖ፣ የብረት መያዣውን ሞርሳና የቆሙትን ፉርጎዎች ምስል በትዕግሥት ቀርጻዋለች፤ አንድ ጡረተኛ መካኒክም እያንዳንዱን መሣሪያ እየዳሰሱ ይናገራሉ። ፊልሙ ሊያበቃ ሲል ባዶው ሐዲድ ታየና የባቡር ጥሩምባ ረዘም ብሎ ተሰማ። ሁላችንም አጨበጨብን።

ጡረተኛው ግን በስፍራው ነበሩና ተነሥተው ቆሙ። «ልጄ፣ ሥራሽ ጥሩ ነው፣ ተባረኪ። ይኼ ጩኸት ግን የእኛ ባቡር አይደለም» አሉ። «የእኛ ሊቶሪና እንዲህ አትጮህም። ከመጋላ ማዶ ሆኜ ድምጿን ለይቼ አውቃታለሁ።» ሊቶሪና የሚሏት በራሷ ሞተር የምትሄደውን የመንገደኛ ባቡር ነው። ልጅቷ ድምፁን ከኢንተርኔት እንዳወረደችው አልደበቀችም። ግቢው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ በሦስት ቋንቋ የተካሄደው ውይይት ከፊልሞቹ ሁሉ ረዘመ፤ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓትም ቆየን።

እኔ የሽማግሌውን ወገን ያዝኩ፤ አሁንም ከዚያ አልተነሣሁም። ዘጋቢ ፊልም በትልቅ አዳራሽ ለማያውቁት ሰዎች ሲታይ የተዋሰው ድምፅ ሳይታወቅበት ያልፋል። በሰፈሩ፣ በፊልሙ ውስጥ ባሉት ሰዎች ፊት ሲታይ ግን አያልፍም፤ ድምፁን ሠርተውበት የኖሩት ሰዎች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋልና። እንዲህ ያለው ማዕከል በየከተማው ያስፈልጋል የምለውም ለዚህ ነው። በእኛ ከተማ ተማሪዎቼ የሚሠሩትን ፊልም የሚያዩት እኔና ሌሎች መምህራን ብቻ ነን፤ ስለ ብርድ ልብስ ፋብሪካው የሠሩትን ለፋብሪካው ሠራተኞች አሳይተን አናውቅም።

ሥልጠናው በማግስቱ ሲጀመር አሠልጣኙ፣ በዕድሜ ከእኔ እጅግ የሚያንስ ወጣት፣ «አንተስ ከየት ነህ አቦ?» ብሎ ተቀበለኝ። በእኛ አገር መምህር «እርስዎ» ይባላልና ቅር አለኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ግን ሽማግሌውንም፣ የማዕከሉን ኃላፊም በዚያው አጠራር ሲያነጋግራቸው፣ ውኃውንም አስቀድሞ ለእነሱ ሲቀዳ አየሁ፤ ቅሬታዬም ጠፋ።

የድሬዳዋ ቀራጭ ዋነኛ ጠላት ቬንቲሌተር ነው። ቢዘጋ ተናጋሪው በላብ ይጠመቃል፣ ካልተዘጋ ደግሞ ድምፁ ከንግግሩ ሥር ገብቶ በኋላ አይወጣም። መፍትሔ ብለው የያዙት ቃለ መጠይቁን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይነሣ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ማድረግ ነው። ማይክሮፎኑ ከደረት ላይ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይሰካል፤ የድምፁ ከፍታ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲዋልል ይስተካከላል፤ ቀራጩም የጆሮ ማዳመጫውን ለአፍታ አያወልቅም። ንግግሩ ሲያልቅ ሁሉም ባለበት ዝም ብሎ የስፍራው ድምፅ ብቻ ለአንድ ደቂቃ ይቀረጻል። በአርትዖት ጊዜ ንግግር የተቆረጠባቸው ቦታዎች የሚሸፈኑት በዚያ ዝምታ ነው፤ የአንዱ ቤት ዝምታ ለሌላው ቤት እንደማይሆን በጆሮዬ ሰምቼ አረጋገጥኩ። በክበባችን ይህን አንድ ጊዜም አድርገነው አናውቅም።

የተቀሩት ሁለት ቀናት በልምምድ አለፉ። በመጨረሻው ጠዋት ፈቃድ ተገኝቶ ከአዘጋጇ ልጅና ከሽማግሌው ጋር ወደ ጥገና ክፍሉ ገባን። ሊቶሪናዋ ስለቆመች ጥሩምባዋን መቅረጽ አይቻልም፤ ልጅቷም ሌሊቱን ስታስብበት አድራ የተዋሰችውን ድምፅ ከፊልሙ ልታወጣው ቆርጣለች። በምትኩ ሽማግሌው መዶሻ አንሥተው ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ እየመቱ፣ የሞርሳውን እጀታ እያዞሩ፣ ከባዱን የብረት በር እየገፉ ድምፁን ሰጡን። እኔ ማይክሮፎኑን የያዝኩ እንደሆነ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበርና ረጅሙን ዘንግ ልጅቷ ተቀበለችኝ።

ሲያበቃ የጆሮ ማዳመጫውን ለሽማግሌው ሰጠናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «መስፉ ራሱ ነው» አሉ። ከዚያ እንደገና ክፈቱልኝ ብለው በሩ የተገፋበት ቦታ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ። «በሩን ቀስ ብዬ ነው የገፋሁት። እኛ እንዲህ አንገፋውም ነበር፤ አንዴ እንድገመው።»