የከበሮው ምት ለምን ተዛነፈ?

በአዲስ አበባ በምሠራበት ስቱዲዮ አንድ ወጣት አቀናባሪ የከበሮ ምት የሚቀዳው በታብሌት ስክሪን ላይ በጣቱ እየመታ ነበር። በአንድ የችክችካ ዘፈን ላይ ግን የተቀዳው ሲደመጥ ምቱ አንዳንድ ቦታ ይዘገያል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ይቀድማል። የልጁን እጅ አውቀዋለሁ፤ እውነተኛ ከበሮ ሲይዝ ዘፋኙም ባንዱም ያለ ሐሳብ ይከተሉታል። ስለዚህ ችግሩ ከእጁ ነው የሚለውን አስተያየት ከመጀመሪያው አልተቀበልሁትም።

በዚያው ሰሞን አንድ እንግዳ ሙዚቀኛ ስክሪኑ በ120 ኸርዝ የሚሠራ (ምስሉን በሰከንድ 120 ጊዜ የሚያድስ) አይፓድ ፕሮ ይዞ መጣ። አቀናባሪያችን ያንኑ ምት በእርሱ ሲሞክር በግልጽ የተሻለ ሆነለት። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የስቱዲዮው ባለቤት ይህን ሲያዩ ያሉንን ባለ60 ኸርዝ ታብሌቶች በሙሉ በአዲስ ሊለውጡ ወሰኑና ዋጋ ከዱባይ ማጠያየቅ ጀመሩ። ሌላ ባልደረባችን ደግሞ ምቱን ኳንታይዝ አድርጎ፣ ማለትም እያንዳንዱን ምት በኮምፒውተር ወደ እኩል ክፍፍሉ መስመር ስቦ፣ ማስተካከል እንደሚበቃ ተናገረ። በዚህ ሐሳብ አጥብቄ ተከራከርሁ፤ ምክንያቱም የችክችካ ለዛ ያለው ምቶቹ ከእኩል ክፍፍሉ ጥቂት ወጣ ብለው በሚያርፉበት ቦታ ነው። ሁሉንም ወደ መስመሩ ከሳብነው ስሕተቱ ቢጠፋም ጭፈራው አብሮት ይሞታል።

«ጋሼ፣ ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ይስጡኝ» አልኋቸው። «ውሰድ፤ ግን በወሬ ሳይሆን በጆሮዬ አሰማኝ» አሉኝ።

በመጀመሪያ የብሉቱዝ ማዳመጫውን በባለ ገመድ ተካሁት። ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ (ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ) በላይ ስለሚያዘገይ እርሱ ባለበት ሌላውን መመርመር ከንቱ ድካም ነው። ቀጥሎ ትንሽ ማይክ ወደ ስክሪኑ አስጠግቼ የልጁን ጣት ኳኳታ በአንድ ትራክ፣ ከታብሌቱ በገመድ የሚወጣውን ድምፅ በሌላ ትራክ አንድ ላይ ቀዳሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የዘገየውን ጊዜ ያሳያል። በተጨማሪም አይፓድ ፕሮ በተደራሽነት ቅንብሩ ውስጥ ስክሪኑን በ60 የሚገድብ አማራጭ ስላለው፣ ያንኑ ታብሌት፣ ያንኑ መተግበሪያና ያንኑ እጅ ይዤ ፍጥነቱን ብቻ መለወጥ ቻልሁ። ሁለት የተለያዩ ታብሌቶችን ብቻ ማወዳደር ብዙ ነገር ስለሚያደባልቅ ይህ መንገድ ከሁሉ የታመነ መስሎ ታየኝ።

በ120 ሲሆን መዘግየቱ ከምት እስከ ምት ተቀራራቢ ነበር፤ በ60 ሲገደብ ግን አንዱ ምት ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ ይወጣ ጀመር። ምክንያቱን ለጋሼ እንዲህ አስረዳኋቸው። 60 ኸርዝ ማለት ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል ማለት ስለሆነ በሁለት እድሳት መካከል 16.7 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ በ120 ይህ ወደ 8.3 ይወርዳል። ድምፁ ራሱ ስክሪኑን አይጠብቅም፤ በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና (ሳምፕል) ሲሠራና በአንድ ጊዜ የሚሰላው ጥቅል (በፈር) 128 ሳምፕል ሲሆን በየ2.7 ሚሊሰከንዱ በራሱ መንገድ ይሰላል። ጣት ስክሪኑን መንካቱን የሚገልጸው መልእክት ግን ወደ መተግበሪያው የሚደርሰው በአብዛኛው ከስክሪኑ እድሳት ጋር እየተገጣጠመ ነው። ከእድሳቱ ጥቂት ቀደም ብላ ያረፈች ጣት ወዲያው ትስተናገዳለች፤ ጥቂት የዘገየችው ግን ቀጣዩን ዙር ትጠብቃለች።

ሙዚቀኛን የሚጎዳው መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ መለዋወጡ ይብሳል። ከድምፅ ማጉያ 3 ሜትር ርቆ የቆመ ተጫዋች ድምፁን ወደ 9 ሚሊሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ይሰማል፤ ይሁንና ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ሳያስበው ይለምደዋል። ዋናው ምት በደቂቃ 120 በሆነ የችክችካ ዘፈን ግን፣ እያንዳንዱ ዋና ምት በሦስት ሲከፈል የአንዱ ክፍል ርዝመት 167 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። በዚህ ውስጥ እስከ 16 ሚሊሰከንድ የሚዋዥቅ ነገር የክፍሉን አንድ ዐሥረኛ ይበላል። ልጁም ጆሮው ሲነግረው እጁን ለማረም ይሞክራል፤ የሚያርመው ነገር ግን በሚቀጥለው ምት ስለሚለወጥ ጭራሽ ይስታል። ከሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነበር፤ ጎበዝ ተጫዋች በመሣሪያ ምክንያት በራሱ እጅ መተማመኑን ሲያጣ ማየት ከባድ ነው።

ከዚያ ከዕቃ ቤት በዩኤስቢ የሚሠራ አሮጌ የሚዲ ፓድ (ሲመታ ድምፁን ሳይሆን የምቱን መልእክት የሚልክ ሰሌዳ) አወጣሁና በባለ60 ኸርዙ ታብሌታችን ላይ ሰካሁት። ከሚዲ የሚመጣ ምት የስክሪኑን እድሳት መጠበቅ ስለማያስፈልገው መዋዠቁ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን ቅጂ አደማመጡና ምንም ሳይናገሩ በጣታቸው ወደ ፓዱ ጠቆሙ። ልጁም ችክችካውን እንደገና ቀዳው፤ ኳንታይዝ ማድረግም አላስፈለገም።

ይሁን እንጂ ፈጣኑ ስክሪን ጥቅም የለውም አላልሁም። በዚያው ዘፈን ውስጥ የማሲንቆን ድምፅ በጣት እያንሸራተቱ የሚያወጡበት ክፍል ነበር። መንሸራተት ያልተቋረጠ እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ መተግበሪያው በመሃል ያለውን ካላለሰለሰው በ60 ኸርዝ ድምፁ በትንንሽ ደረጃዎች ሲወጣና ሲወርድ ይሰማል። በ120 ደረጃዎቹ በግማሽ ስለሚያጥሩ ጣትም ጆሮም አብረው ይሄዳሉ። ይህንን ፓድ አይተካውም። እርግጥ ማሲንቆ ተጫዋች ሊገኝ በሚችልበት ከተማ እውነተኛውን መቅዳት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን በጀቱ የማይፈቅድለት ደንበኛም በሩን ያንኳኳል።

ጋሼ የዱባዩን ነጋዴ መልሰው ደወሉለት። «የቀረውን ተወው፤ ለማሲንቆው አንድ ብቻ ላክልን» አሉት።